በእሜቴ ጥሩወርቅ ኮርኒስ ላይ ያኖርኋቸው ድምፅ ማጉያዎች

ግራ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሣ ካለ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ጠበል ተጠመቅሁ፤ ሐኪም ዘንድም ሄድሁ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ፣

«ሥራዎ ምንድን ነበር?» አለኝ።

«ኮርኒስ ላይ ድምፅ ማጉያ እገጥማለሁ።»

«እንግዲያማ ይኸ ትከሻ አገልግሎቱን ጨርሷል። ጡረታ ያውጡት።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ መሰላሌንና የእጅ ዕቃዬን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ለምታስተምር አንዲት የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ሰጠኋት። ተቀብላ ካበቃች በኋላ፣ «መሰላሉ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? ለሠልጣኞቼ የሚነበብ ነገር ይጻፉልኝ» አለች። ይኸ ጽሑፍ በሷ ምክንያት የመጣ ነው። አምላክ ከውዳሴ ከንቱ ይጠብቀኝ እንጂ በሥራዬ አላፍርም፤ አብዛኛው የምጽፈውም የሚያኮራኝን ነው። አንዱ ግን አያኮራኝም፤ እሱንም አልዘልለውም። ጥሩ አድርጌ በሠራሁት ሥራ ምክንያት አንዲት እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

የተወለድሁት ጅማ ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርቴን ስጨርስ ደብረ ታቦር ያለ አንድ የግንባታ ድርጅት ቀጠረኝ፤ እሱም ወደ እስቴ ላከኝ። ለአንድ ዓመት ተብዬ ነበር የመጣሁት። ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ስልክ በደወልሁ ቁጥር፣ «አሁንም እዚያ ብርድ አገር ነሽ?» ትለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍሁት በሁለት ጋቢና በአንድ ዳዊት ነው። ሰዉ እስከ ዛሬ የሚጠራኝ «የጅማዋ» እያለ ነው፤ በስሜ ቢጠሩኝ ዞሬም አላይ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ዓይኑን የት እንደሚጥል ጠፍቶት ይጨነቃል። «አንቺ ታች ሁኚና ሽቦ ቁረጪ» አለኝ፤ ሦስት ወር ሽቦ ቆረጥሁ። ከዚያ ሱሪ አሰፋሁና በቀሚሴ ሥር ለበስሁት። ያም ከነከነኝና ለንስሐ አባቴ ለቄስ አላምረው ነገርኋቸው።

«ለሥራ ነው?» አሉኝ።

«ለሥራ ነው፣ አባ።»

«ከመሰላሉ ስትወርጂስ?»

«ቀሚሱ ከላይ አለ።»

«በይ መሰላልሽን ውጪ» አሉኝ። ወጣሁ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ የሥራ ፈቃድ ባወጣሁ ጊዜም በየቢሮው ብዙ ተመላለስሁ። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ አስማረ ናቸው። ስማዳ ወገዳ ተወልደው ያደጉ፣ በጉብዝናቸው ቅኔ ሲቆጥሩ ኖረው በኋላ ሬዲዮ ጠጋኝ የሆኑ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ለአዳራሾች ድምፅ የሚያስገባ ባለሙያ ሲፈልግ እሳቸውን አመጣ፤ እኔም ከሽቦ ቆራጭነት ወጥቼ በሳቸው ሥር ገባሁ። በኋላ ድርጅቱ ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ ሁለታችንም እዚሁ ቀረን፤ ከአዳራሽ ወደ ሰው ቤት ዞርን።

ጋሽ አስማረ ቤት ሲገቡ ቀና ብለው ኮርኒሱን አያዩም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። አንድ ወንበር ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየመቀመጫው ሁሉ፣ በርጩማውም ላይ ሳይቀር። ቀጥሎ ባለቤቱን ያስፈቅዱና ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የቤቱ ሰው ይሳሳቃል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ፣ «ጋሼ፣ ትራስ ልጨምርልዎት?» አለቻቸው። «ትራሱ ይበቃኛል፤ ዝምታ ጨምሪልኝ» አሏት። ከዚያ ተነሥተው በጣታቸው አንጓ ኮርኒሱን ያንኳኳሉ፤ እንጨቱ የት የት እንደሚሄድ በድምፁ ያውቁታል። ገጥመው ሲጨርሱም በዘፈን አይፈትኑም። በስልካቸው የቀዱት የራሳቸው ሳል ነበራቸው። «ዘፈን ያታልላል፤ ሳሌን ግን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ» ይላሉ። ስሳሳት አይጮኹብኝም፤ ካቻቢቴውን መልሰው እጄ ላይ ያስቀምጡና «እንደገና» ይላሉ። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው።

የዚህ አገር የከተማ ቤት ሳሎኑ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው። አልጋው እዚያው፣ ቡፌው እዚያው፣ ሶፋው እዚያው። ሰዉ ድምፅ ማጉያ ሲባል የሚያስበው የሠርጉን ሞንታርቦ ነው፤ ሞንታርቦ እዚህ ክፍል ማስገባት በሬ ጓዳ ውስጥ እንደማሰር ነው። ስለዚህ ጥሩ ድምፅ የፈለገ ሰው ያለው ባዶ ቦታ ከራሱ በላይ ነው። ግን ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ድምፁ ጠንከር ሲል አብሮ ይንዘፈዘፋል። ከላዩ ቆርቆሮ አለ። ሐምሌ ሲዘንብበት የሰው ቃል ከሥሩ አይሰማም። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ አይጥ አለ፤ አይጥ ሽቦ ይወዳል።

ያገኘነው መላ እንዲህ ነው። ከያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ትንሽ የእንጨት ሣጥን እንሠራለን፤ ሣጥኑን በእንዶድ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ የበግ ጠጉር እንሞላዋለን። የጋይንት በግ ለብርድ የተፈጠረ ነው፤ ጠጉሩ ባና ሆኖ ሰው እንደሚያሞቅ ሁሉ፣ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የድምፁን ጩኸት ውጦ ለዛውን ይተወዋል። ክብደቱን ቺፕውዱ እንዳይሸከም ሣጥኑን በወፍራም ሽቦ ከጣሪያው ማገር ጋር እናስረዋለን። ሽቦውን ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እናሳልፋለን። ከግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ ግድ ነው፤ ያለዚያ ቤቱ እንደ ጋን ያጉረመርማል። አናት ላይም አይገጠምም፤ ከሰሚው ፊት ለፊት ፈንጠር ማለት አለበት። የሰው ቃል ከፊት ሲመጣ እንጂ ከአናት ሲወርድ ጆሮ አያምነውም። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ማገናኘት ሁሉም ያውቃል፤ ግን በአንዱ በኩል ከተገላበጠ ድምፁ አይጠፋም፤ ሆዱ ባዶ ይሆናል፣ ሰውየው ከጉድጓድ የሚያወራ ይመስላል። ብዙ ሰው ገጣሚው አበላሽቶበት ሳለ «ዕቃው መናኛ ነው» ብሎ ይጥላል።

ታች ጋይንት አርብ ገበያ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ለዚያችው ሦስት በአራት ክፍል አራት ካልገጠምሽልኝ ብሎ ሙጭጭ አለ።

«ጋሼ፣ ሁለት ይበቃዎታል።»

«ጎረቤቴ ሁለት አለው። እኔ ከሱ ላንስ ነው?»

«ጎረቤትዎ ጆሮው ስንት ነው?»

ሳቀና ተስማማ። ሁለቱን ገጥሜለት አርብ ዕለት፣ ገበያው ሲጮህና አህያው ሲያናፋ፣ በሩን ዘግቶ ዜና ሰማ። ወጥቶ ለሰዉ የተናገረው ግን «የጅማዋ አራት ልግጠምልህ ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ» ብሎ ነው። ይሁን። እንዲህ እያልሁ በሦስቱም አገር፣ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም፣ የኔ እጅ ያለበት ኮርኒስ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ከቦታው ወልቆ አልወደቀም።

አሁን ወደ እሜቴ ጥሩወርቅ ልምጣ።

እሜቴ የአንድ መሪጌታ ባለቤት የነበሩ፣ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከልጃቸው ከየሺ ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። የሺ አስተማሪ ናት። እኔ በሄድሁ ጊዜ እሜቴን ጉልበታቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከአልጋ እስከ በር እንኳ በሰው ትከሻ ነው። በዚያ ቤት ሌላ የጎደለ ነገር የለም፤ የጎደላቸው ቅዳሴ ነው። ከልጅነታቸው ጀምረው እሑድን አስታጉለው የማያውቁ ሰው፣ አሁን ቡፌ ላይ ባለች አሮጌ ሬዲዮ ነው የሚያዳምጡ። «ካህናቱን ቆርቆሮ ውስጥ አሽገው የሚያስቀድሷቸው ይመስለኛል» ይላሉ። ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ይኸን ሰምቶ ሁለት ግሩም የኮርኒስ ድምፅ ማጉያ ላከ። የሺም ጠራችኝ።

እንደ ጋሽ አስማረ ልማድ በየሶፋው ተቀመጥሁ። ከዚያ እሜቴን ወደ ሶፋው አሻግረን አልጋቸው ላይ ጋደም አልሁ።

«አንቺ የጅማዋ፣ ልትሠሪ ነው የመጣሽ ልትተኚ?» አሉኝ።

«እርስዎ የሚሰሙትን ልስማ ብዬ ነው፣ እሜቴ።»

«እኔ የምሰማው ቁርጥማቴን ነው። እሱን ወስደሽ አልጋውን መልሽልኝ።»

ተኝቼ ሳለሁ አንድ ነገር ታየኝ። የአልጋው ግርጌ በምሥራቅ በኩል ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን ከግርጌው ፊት ባኖራቸው እሜቴ ቅዳሴውን የሚሰሙት ከምሥራቅ፣ ከመቅደሱ አቅጣጫ ይሆናል። በዚያ በኩል የጣሪያው ማገር ይመጣብኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ወደ መካከል ይስበው ነበር። እኔ ማገሩን ሳልነካ ሣጥኖቹን አጥብቤ እንደገና ሠራኋቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የገዛ ደብራቸው ዲያቆናት የቀዱትን ቅዳሴ የሺ በፍላሽ አመጣች፤ ከፈትሁት። እሜቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው መስቀለኛ አጣፉ።

«እማ፣ እንዴት ነው?» አለች የሺ።

«ዝም በይ፤ ቅዳሴ ነው።»

እየዘመርሁ ቤቴ ገባሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሦስተኛው እሑድ አልፎ ማክሰኞ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ አንዲት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ፣ «አንቺ ሴት፣ ያ ኮርኒስ ላይ የሰቀልሽው ነገር እሜቴን ጣላቸው አሉ» አለችኝ። ዘንቢሌን እዚያው ትቼ ሮጥሁ። ሽቦው ተበጥሶ፣ ሣጥኑ ወርዶባቸው ነው ያልሁት። የሺን በሩ ላይ አገኘኋት፤ ለእናቷ የሚያስፈልግ ልብስ ልትወስድ ከደብረ ታቦር ሆስፒታል መመለሷ ነበር። አፍራለሁ፣ ግን ልጻፈው፤ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ኮርኒሱን ነው። ሁለቱም እንደገጠምኋቸው ናቸው። ደስ አለኝ። ከዚያ ነው የሺ የነገረችኝ። እሑድ ቅዳሴውን ከፍታላቸው እሷ ጧፍ አድርሳ ልትመለስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ እናቷ መሬት ላይ ነበሩ፤ ነጠላቸው እንደተጣፋ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ፤ ቅዳሴውም ገና አላለቀም።

በማግሥቱ ደብረ ታቦር ሄድሁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት ተጠግኗል። እግራቸው ሥር ቆሜ፣

«እሜቴ፣ ሬዲዮው ሁለት ዓመት ሲቀድስ ተኝተው ሰምተዋል። አሁን ምን አስነሣዎት?» አልኋቸው።

«ያ ሬዲዮ ነዋ» አሉኝ። «ሬዲዮ ተንሥኡ ቢል ማን ይነሣል? ይኸ ግን ዲያቆኑ ነው። ከፊቴ ቆሞ ተነሡ እያለኝ እንዴት ልተኛ?»

ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ማንም አመስግኖኝ አያውቅም። ደግሞም ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ተሸፋፍኜ አልቅሻለሁ። ማታውን አገራቸው ወገዳ ለተመለሱት ለጋሽ አስማረ ደወልሁ።

«ተቀምጠሽ ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ።»

«ተኝተሽስ?»

«ተኝቼም።»

«ሴትዮዋ ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉስ ጠየቅሽ?»

አልጠየቅሁም። ተንሥኡ ሲባል ሰው እንደሚነሣ ለማወቅ እኔ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገኝም ነበር፤ እኔ ራሴ እሑድ እሑድ የምነሣ ሰው ነኝ። ጆሮአቸውን ለካሁ፣ አልጋቸውን ለካሁ፣ ሃይማኖታቸውን ሳልለካ ቀረሁ።

እሜቴ ከወር በኋላ ቤታቸው ሲመለሱ ሐኪሙ ለየሺ፣ ሁለተኛ ከወደቁ እንደማይተርፉ ቁርጡን ነግሯት ነበር። የሺ ጠራችኝ። «አውርጂልኝ» አለች። እሜቴ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ።

«እሱን ካወረዳችሁ እኔንም አውርዳችሁ ደጀ ሰላም ጣሉኝ።»

«እማ፣ ልትሞቺብኝ ነው?»

«ቅዳሴ እየሰማሁ ብሞት ምናለበት?»

የሺ ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። እኔ በመካከል ቆሜ መጥፎ ነገር ሠራሁ። የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አገላበጥሁት። ድምፁ ሆዱ ባዶ ከሆነ እንደ ሬዲዮው ይሆንባቸዋል፤ ሬዲዮ ከሆነ አይነሡም ብዬ። ለየሺ እንኳ አልነገርኋትም። ከፈትሁት። እሜቴ ጥቂት አዳመጡና፣

«ምነው፣ ዲያቆኑን ጉንፋን ያዘው?» አሉ።

ጥሩ ሥራን አውቆ ማበላሸት እንዲያ ያሳፍራል ብዬ አላስብም ነበር። ወጥቼ ሽቦውን እንደነበረ መለስሁና በቀጥታ ቄስ አላምረው ዘንድ ሄድሁ፤ የእሜቴም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ያደረግሁትን ተናዘዝሁ። ከዚያ፣ «አባ፣ ተንሥኡ የምትለዋን ቃል ከቅጂው ባወጣትስ?» አልኋቸው።

«ከቅዳሴ ቃል የምትቀንሺ አንቺ ማን ነሽ?» አሉኝ። «ደግሞስ እኔ ታማሚ ነሽ፣ ተኝተሽ ስሚ ብያታለሁ። ለምን አትሰማኝም?»

አብረን ሄድን። ቄስ አላምረው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያንኑ ደገሙላቸው።

«ፈቅደውልኛል፣ አባቴ» አሉ እሜቴ። «ግን አንቱ የፈቀዱልኝ በአዘቦት ቀን፣ እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። ዲያቆኑ የሚያዘኝ ከመቅደስ ነው። እሱ ሲያዝ የአንቱ ፈቃድ ይጠፋብኛል፤ እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል።»

ይኸን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ትእዛዙ ከዚያ ከመጣ ፈቃዱም ከዚያው መምጣት አለበት።

በማግሥቱ ቄስ አላምረውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ዲያቆናቱ መቅጃቸውን ባኖሩበት ቦታ ልክ መቅጃዬን አኑሬ፣ የቄሱ ድምፅ ከቅዳሴው ድምፅ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያለ እንዲመስል አድርጌ ቀዳኋቸው። መጀመሪያ ጮኹ፤ በድምፅ ማጉያ መናገር የለመዱ ናቸው። ሁለተኛ አነበነቡ። «አባ፣ ለሳቸው ብቻ እንደሚነግሩ ያድርጉት» አልኋቸው። በሦስተኛው ሆነ። «ወለተ ሐና» አሉ፤ የእሜቴ የክርስትና ስም ነው፤ «ዲያቆኑ ተንሥኡ ሲል መቆም ለሚቻላቸው ነው። አንቺን በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቼሻለሁ። ባለሽበት ሁነሽ ስሚ።» ይኸን ከቅዳሴው በፊት አስገባሁት፤ ከቅዳሴው ራሱ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችንም እሜቴ ቤት ተሰበሰብን። ቄስ አላምረው ሶፋው ላይ፣ የሺና እኔ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ ቢነሡ ልንይዛቸው። ከፈትሁት። «ወለተ ሐና» ሲል እሜቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉ አለቀ፤ ቅዳሴው ጀመረ። ደቂቃው ረዘመብኝ።

«ተንሥኡ» አለ ዲያቆኑ፣ ከምሥራቅ በኩል።

የእሜቴ ጣቶች የብርድ ልብሱን ጠርዝ ጨበጡ። ራሳቸው ከትራሱ ስንዝር ያህል ተነሣ። የሺ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ራሳቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ጣቶቻቸው ተፈቱ። እንደ ተኙ፣ እንደ ጸኑ ቀሩ። እኔም የሺም ቄሱም ከመቀመጫችን ሳንንቀሳቀስ እሳቸውን ብቻ እናያለን።

እሜቴ ዓይናቸውን ገለጡና አንድ በአንድ አዩን።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «የተፈታሁት እኔ ነኝ። እናንተን ማን ፈታችሁ?»

ብድግ አልን። ከሁላችንም ቀድመው የተነሡት ቄስ አላምረው ናቸው።